ስቱዲዮው ገበያ ዳር፣ ማሰራጫው ኮረብታ ላይ፦ በአነስተኛ ወጪ የኤፍ ኤም ጣቢያ ማቋቋም

እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ከከባድ ዝናብ በኋላ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተቀሰቀሰ። በሽታው ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በመሆኑ በጋሪሳና በአካባቢው እርድ ተከለከለ፤ የእንስሳት ገበያዎችም ተዘጉ። እስኪረጋጋ ድረስ በኬንያ ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ክልከላው ሲታወጅ መንገድ ላይ ያለ ነጋዴ ዕጣው አስቸጋሪ ነው። ወሬውን የሚሰማው ኬላ ሲደርስ ነው፤ የጫነው ፍየል ደግሞ ውኃና መኖ ይፈልጋል፣ መኪናው በቀን ይከፈልበታል። ከአንድ ቀን በፊት ቢሰማ ኖሮ ግን እንስሳቱን ሳይጭን ይቀር ነበር።

ስልክ ብዙ ነገር አቃሏል። ይሁን እንጂ በስልክ የሚሰማው የአንድ ሰው ቃል ነው፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ ደላላ ነው። ሬዲዮ የሚለየው ሻጩም ገዢውም አንድ ዓይነት ቃል በአንድ ሰዓት መስማታቸው ነው። ኔትወርክ በሌለበት የግጦሽ ሜዳ ያለ እረኛም በትንሽ ባትሪ ይሰማዋል። ይህ ትምህርት አንድ የነጋዴዎች ማኅበር ወይም የገበያ ማኅበረሰብ በአነስተኛ ወጪ የኤፍ ኤም ጣቢያ ሊያቋቁም ቢያስብ ምን ምን ማወቅ እንዳለበት ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከናይሮቢ የተወሰዱ ናቸው፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮን ነገር ኬንያውያን ቀድመው ሞክረውታልና።

ከኬንያ የሚገኘው ልምድ

በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ የማኅበረሰብ ሬዲዮዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1982 በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በሆማ ቤይ በዩኔስኮ ድጋፍ ተቋቋመ። ዓላማው በርካሽ መሣሪያ በአካባቢው ቋንቋ ማሰራጨት እንደሚቻል ማሳየት ነበር። በዚህ ረገድ ተሳካለት። እ.ኤ.አ. በ1984 ግን መንግሥት ዘጋው። ጣቢያን የሚያቆመው የመሣሪያ ብልሽት ብቻ እንዳልሆነ፣ ፈቃዱና የባለቤትነቱ ጉዳይ የመሣሪያውን ያህል እንደሚመዝን ከዚህ ይታያል።

ከሃያ ዓመት በኋላ ሐሳቡ ወደ ናይሮቢ መጣ። ኮች ኤፍ ኤም እ.ኤ.አ. በ2006 በኮሮጎቾ መንደር በአካባቢው ወጣቶች ተጀመረ። ስቱዲዮው ወደ ክፍልነት የተቀየረ የመርከብ ኮንቴይነር ነው። ኮሮጎቾ ለእንስሳት ነጋዴ ሩቅ አይደለችም፤ ከሰሜን ኬንያና ከሞያሌ በኩል የሚወርደው ፍየል የሚታረድበት የኪያማይኮ ገበያ አጠገቧ ነው። በ2007 ደግሞ ፓሞጃ ኤፍ ኤም በኪቤራ ሥራ ጀመረ። ስሙ በስዋሂሊ «አብረን» ማለት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከምርጫው በኋላ ሁከት በተነሣ ጊዜ ጣቢያው የሰፈሩን ሰው ወደ ሰላም በመጥራት ስሙ ይነሣል።

ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ፣ 99.9 ሜጋኸርትዝ፣ ይጠቀማሉ። በመካከላቸው ያለው የቀጥታ ርቀት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይጣሉ የሚኖሩት ሁለቱም በዝቅተኛ ኃይል ስለሚያሰራጩ ነው። የኤፍ ኤም መቀበያ ሁለት ጣቢያ በአንድ ሞገድ ቢደርሰው ጠንከር ያለውን ይይዛል፣ ደካማውን ይተዋል። ስለዚህ በኮሮጎቾ ኮች፣ በኪቤራ ፓሞጃ ይሰማል። አንዱ አንቴናውን እጅግ ከፍ ቢያደርግ ወይም ኃይሉን ቢጨምር የጎረቤቱን አድማጮች ይወስዳል። በናይሮቢ ከአየሩ ይልቅ የሞገድ ቦታው ጠባብ ነው። ከፍ ያለ ቦታ መፈለግ ተገቢ የሚሆነው ጎረቤት ጣቢያ በማይበዛበት፣ አድማጩ ግን በተበተነበት አገር ነው፤ ይኸውም ከኢሲዮሎ እስከ ማርሳቢትና ሞያሌ ባለው መሥመር ነው።

ፈቃድ ከመሣሪያ ይቀድማል

በኬንያ የሬዲዮ ፈቃድና ፍሪኩዌንሲ የሚሰጠው የአገሪቱ የኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ ሕዝባዊ፣ የግል ንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ይከፍላቸዋል። የማኅበረሰብ ጣቢያ ለትርፍ አይሠራም፤ ባለቤቱም ማኅበረሰቡ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ጉዳዩ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ይመራል፤ ፈቃድ ሰጪው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። በሁለቱም አገር ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ወንጀል ነው።

ፈቃዱ ላይ ፍሪኩዌንሲው፣ የማሰራጫው ቦታ፣ ኃይሉና የአንቴናው ከፍታ ይጻፋል። በኋላ «ኮረብታው ይሻላል» ብሎ ማሰራጫውን ማዛወር አይቻልም፤ አዲስ ጥያቄ ይጠይቃል። ድንበር ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ሞያሌ ላይ የተተከለ አንቴና ድንበር ስለማያውቅ በወዲያኛው አገር ያለን ጣቢያ ሊረብሽ ይችላል። ስለዚህ አገሮች የኤፍ ኤም ሞገዶችን እ.ኤ.አ. በ1984 ጄኔቫ ላይ በተደረገው ስምምነት መሠረት እርስ በርስ እየተጠያየቁ ይመድባሉ። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ማሰራጫ ገዝቶ ፈቃድ መጠበቅ ገንዘብን በመጋዘን ማስቀመጥ ነው።

የጣቢያው አካላት

አነስተኛ ጣቢያ የሚቆመው በአራት ነገሮች ነው፦ ስቱዲዮ፣ ድምፁን ወደ ማሰራጫው የሚያደርስ መገናኛ፣ ማሰራጫና አንቴና፣ እንዲሁም ኤሌክትሪክ።

ስቱዲዮው ብዙ አይጠይቅም። ሁለት ወይም ሦስት ማይክሮፎን፣ ትንሽ ሚክሰር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ የጆሮ ማዳመጫዎችና ስልክን ወደ ሚክሰሩ የሚያስገባ ገመድ ይበቃል። እንደ ሚክስ እና ሪቬንዴል ያሉ የስቱዲዮ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ወፍራም ብርድ ልብስና የእንቁላል መያዣ ካርቶን የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳሉ እንጂ የውጭ ጫጫታ አይከለክሉም። ገበያ መሐል ያለ ስቱዲዮ ጫጫታን የሚከላከለው በወፍራም ግድግዳና በደንብ በሚዘጋ በር ነው።

ከስቱዲዮው በኋላ ሊታለፍ የማይገባው የድምፅ መገደቢያ ነው። ማሰራጫው ከመሃል ፍሪኩዌንሲው ወዲያና ወዲህ ከ75 ኪሎኸርትዝ በላይ መወዛወዝ የለበትም። አቅራቢው ሲጮህ ድምፁ ካልተገደበ ሞገዱ ይሰፋና የጎረቤት ጣቢያን ይነካል።

ማሰራጫውን ከስቱዲዮ ማራቅ ለምን ያስፈልጋል?

የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ የማያየው ቦታ ብዙም አይደርስም። ስቱዲዮ ደግሞ ሰው በሚመላለስበት፣ ማለትም ገበያው ባለበት ሜዳ ይሆናል። ሜዳ ላይ ያለ አንቴና በሕንፃና በኮረብታ ይጋረዳል። ስለዚህ ሰውና ማይክሮፎን ገበያ ዳር ሆነው ማሰራጫው ከፍታ ላይ ይወጣል።

ሞገዱ የሚደርስበትን አድማስ ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት፣ የመቀበያውንም እንዲሁ፣ ሁለቱን ደምሮ በ4.12 ማባዛት ነው፤ መልሱ ኪሎ ሜትር ነው። አንቴናው ከሜዳው 16 ሜትር፣ የአድማጩ ሬዲዮ 1 ሜትር ላይ ቢሆን፦ 4 ሲደመር 1፣ ሲባዛ 4.12፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንቴናው በኮረብታ ምክንያት ከሜዳው 144 ሜትር ቢርቅ፦ 12 ሲደመር 1፣ ሲባዛ 4.12፣ ወደ 53 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ መንገዱ ክፍት ሲሆን የሚደረስበት ጣሪያ ነው፤ ተጨማሪ ኮረብታ ካለ ይቀንሳል።

ኃይል መጨመር እንዲህ አይረዳም። በክፍት ቦታ እንኳ ርቀትን በእጥፍ ለማሳደግ ኃይልን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል፤ ከ100 ዋት ወደ 400 ዋት ማለት ነው። አራት እጥፍ ዋት ደግሞ አራት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ባትሪውና የፀሐይ ፓነሉም አብረው ያድጋሉ። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር በቅድሚያ የሚገዛው ከፍታ ነው።

ድምፁን ወደ ኮረብታው ማድረስ

ሦስት መንገዶች በተግባር ይሠራባቸዋል።

የመጀመሪያው ለዚሁ የተሠራ የሬዲዮ መገናኛ ነው። ስቱዲዮው ላይ ትንሽ ማሰራጫ፣ ኮረብታው ላይ መቀበያ ይቆማል። አስተማማኝ ነው፤ ድምፁም አይዘገይም። ሆኖም መሣሪያው ውድ ነው፤ የራሱ ፍሪኩዌንሲና ፈቃድም ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ባለ 5 ጊጋኸርትዝ የዋይ ፋይ ሳህን በሁለቱ ጫፍ መትከል ነው። ዋጋው ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ሲሆን ሁለቱ ሳህኖች በግልጽ ከተያዩ ለ10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሠራል። «መተያየት» ሲባል ግን ቀጭን መስመር ብቻ አይበቃም። 10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በመንገዱ አጋማሽ ቢያንስ 7 ሜትር ያህል ራዲየስ ያለው ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። በበጋ የሚሠራ መገናኛ ዛፍ ሲለመልም የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ መንገድ የሚሄደው የኮምፒውተር መረጃ ስለሆነ ማሰራጫውን ለመቆጣጠርም ያገለግላል።

ሦስተኛው በሞባይል ኢንተርኔት መላክ ነው። ስቱዲዮው ያለው ኮምፒውተር ድምፁን እንደ አይስካስት ባለ ነፃ ፕሮግራም ይልካል፤ ኮረብታው ላይ ያለ እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ይቀበልና ለማሰራጫው ይሰጣል። ኮረብታው ከገበያው የማይታይ ቢሆን እንኳ ይሠራል። ወጪው ግን በየወሩ ይመጣል። ድምፁ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ቢላክ፣ በቀን 12 ሰዓት ለሚሠራ ጣቢያ በቀን 345 ሜጋ ባይት፣ በ30 ቀን ደግሞ ከ10 ጊጋ ባይት ትንሽ በላይ ይፈጃል። ድምፁ በብዙ ሰከንድ ይዘገያል፤ ስለዚህ አቅራቢው የራሱን ድምፅ ከሬዲዮ እያዳመጠ ሊናገር አይችልም፣ ከሚክሰሩ ማዳመጥ አለበት። ከሁሉ በላይ ኔትወርክ ሲቋረጥ ጣቢያውም ይቋረጣል። አቅም ያለው ጣቢያ ሁለተኛውን ዋና፣ ሦስተኛውን መጠባበቂያ ያደርጋል።

ኬብልና አንቴና፦ ገንዘብ በዝምታ የሚባክንበት

100 ዋት ማሰራጫ የገዛ ሰው 100 ዋት አየር ላይ ይወጣል ብሎ ያስባል። በ30 ሜትር ኬብል ላይ የሚሆነውን መመልከት ይበቃል። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በዚህ ርዝመት ከመቶው ዋት 33 ያህሉን ብቻ ያደርሳል። አርጂ 213 የሚባለው ወፍራም ኬብል 63 ያህል፣ የግማሽ ኢንቹ ኬብል ደግሞ 86 ያህል ያደርሳሉ። በርካሽ ኬብል የተረፈው ገንዘብ በማሰራጫው ላይ ከወጣው ይቆረጣል። ማሰራጫውን ወደ ምሰሶው እግር አቅርቦ ኬብሉን ማሳጠር ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ ነው።

አንቴናው በፍሪኩዌንሲው ልክ መቆረጥ አለበት። ቀላሉ አንቴና ጠቅላላ ርዝመቱ 150 ለሜጋኸርትዙ ተካፍሎ በ0.95 የሚባዛ ነው። ለ100 ሜጋኸርትዝ 1.43 ሜትር ገደማ ይሆናል። ልኩ ከተሳሳተ ኃይሉ ወደ ማሰራጫው ይመለሳል። የተመላሽ መለኪያው 1.5 ሲያሳይ ከኃይሉ 4 በመቶ፣ 2 ሲያሳይ 11 በመቶ፣ 3 ሲያሳይ 25 በመቶ ተመልሷል ማለት ነው። ከ2 በላይ ከሆነ ማጥፋትና መፈተሽ ይገባል፤ አለዚያ የማሰራጫው ትራንዚስተር ይቃጠላል። አንቴና ሳይገናኝ ማሰራጫ ማብራት ፈጽሞ አይገባም።

ሌላው የማይታለፍ ነገር ማጣሪያ ነው። ከኤፍ ኤም በላይ፣ ከ108 ሜጋኸርትዝ ጀምሮ፣ የአውሮፕላን ሞገድ ነው። ናይሮቢ ጆሞ ኬንያታና ዊልሰን የሚባሉ ሁለት አየር ማረፊያዎች አሏት። ማጣሪያ የሌለው ርካሽ ማሰራጫ ቆሻሻ ሞገድ ወደዚያ ቢረጭ ጉዳዩ የገንዘብ ቅጣት ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ማሰራጫ ሲገዛ በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ተቀባይነት ያለው መሆኑ ይጠየቃል።

ኮረብታ መብረቅ ይጠራል። ምሰሶው በወፍራም የመዳብ ገመድ መሬት ውስጥ ከተቀበሩ ዘንጎች ጋር ይያያዛል፤ የአንቴናው ኬብል መብረቅ መከላከያ ይደረግለታል። የማሰራጫው፣ የሶላሩና የምሰሶው መሬት ገመድ በአንድ ላይ መታሰር አለበት፤ ተለያይተው ከተተዉ መብረቁ በመሣሪያው ውስጥ መንገድ ይፈልጋል።

ኤሌክትሪክ

ኮረብታው ላይ መስመር ከሌለ ስሌቱ እንዲህ ነው። 100 ዋት ማሰራጫ ከመገናኛው ጋር 200 ዋት ያህል ይበላል እንበል። በቀን 12 ሰዓት ሲሠራ 2,400 ዋት ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በላይ ባዶ መደረግ የለበትም፤ ስለዚህ ለአንድ ቀን ብቻ 4,800 ዋት ሰዓት፣ ማለትም በ24 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል። ለደመናማ ቀን የሚሆን ተጨማሪ ቢኖር ይመረጣል። ጥሩ ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ቢገኝና 30 በመቶው በብክነት ቢሄድ፣ ፓነሉ 700 ዋት ገደማ መሆን አለበት።

ይህ ስሌት ስለ ኃይል የተነገረውን ያረጋግጣል። በ400 ዋት የሚያሰራጭ ጣቢያ ይህንን ሁሉ ወደ አራት እጥፍ ይገዛል። ባትሪና ፓነል ደግሞ ሌባ የሚወዳቸው ዕቃዎች ናቸው። የአካባቢው ማኅበረሰብ የኔ ነው ብሎ የማይጠብቀው ኮረብታ ላይ አጥር ብቻውን አያድናቸውም። ለጥበቃ የሚከፈለው ደመወዝ በዓመታዊው በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት።

ሰው የሌለበትን ማሰራጫ መቆጣጠር

ኮረብታው ላይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ሦስት ሥራ ይሰጠዋል። አንደኛ፣ መገናኛው ሲቋረጥ ከራሱ ማከማቻ የጣቢያውን መለያና ሙዚቃ ያጫውታል፤ ሊኩዊድሶፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ዝም ያለ ጣቢያ አድማጩን ያጣል። ሁለተኛ፣ የሚወጣውን ኃይል፣ የሚመለሰውን ኃይል፣ የባትሪውን ቮልትና ሙቀቱን እየለካ ወደ ስቱዲዮ ይልካል። ሦስተኛ፣ ከርቀት ያጠፋል፣ ያበራል። ለዚህ የመጨረሻው የተለየ መንገድ ቢኖር ይሻላል፦ በአጭር የስልክ መልእክት የሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ። ዋናው መገናኛ ሲበላሽ በዚያው በተበላሸው መገናኛ ማጥፋት አይቻልምና። ማሰራጫው ሌላውን ሲረብሽ ወዲያው ማጥፋት መቻል የባለፈቃዱ ግዴታ ነው።

ምን ይነገራል? የዋጋ ዜና ሕግ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ከተሟላ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ነገር እምነት ነው። «ሞያሌ ላይ ሰንጋ ተወደደ» የሚል ዜና ለነጋዴ ከንቱ ነው። የዋጋ ዜና ቢያንስ አምስት ነገር ሊይዝ ይገባል፦ ገበያውን፣ ቀኑን፣ የእንስሳውን ዓይነትና ዕድሜ ከነአቋሙ፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ዋጋ፣ እንዲሁም ገንዘቡ ብር ወይም ሽልንግ መሆኑን። የተጠየቀ ዋጋና የተሸጠበት ዋጋም ይለያሉ፤ በሬዲዮ የሚነገረው የተሸጠበት ነው። ዋጋውም ከአንድ ሰው አይወሰድም፤ ከሻጭ፣ ከገዢና ከገበያው ኃላፊ ተጠይቆ ይነገራል።

ጣቢያውን የሚደጉመው አንድ ትልቅ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ አደጋው ግልጽ ነው። ዛሬ ኪያማይኮ ዋጋ ወደቀ ብሎ ያስነገረ ሰው ነገ ሞያሌ ላይ በርካሽ ሊገዛ ይችላል። አርብቶ አደሩ አንድ ጊዜ ከተታለለ ሬዲዮውን ይዘጋል፤ ተመልሶም አይከፍትም። የማኅበረሰብ ፈቃድ ባለቤትነቱ በብዙዎች እጅ እንዲሆን የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በቦርዱ ውስጥ አርብቶ አደሩም፣ ነጋዴውም፣ ሴት የወተትና የፍየል ነጋዴዎችም ቢኖሩ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

የበሽታና የኬላ ዜና ከዚህም ይጠነክራል። ስለ አፍና እግር በሽታ ወይም ስለ ገበያ መዘጋት የሚነገረው ከእንስሳት ጤና ቢሮ በስም ተረጋግጦ ብቻ ነው። የሐሰት ወሬ ገበያ ይዘጋል፤ የዘገየ እውነተኛ ወሬም በሽታውን በጭነት መኪና ያጓጉዛል።

ቅደም ተከተሉ በአጭሩ

ማኅበሩ መጀመሪያ ይደራጃል፣ ቦርዱን ይመርጣል። ቀጥሎ ኮረብታውን ይመርጥና ከገበያው መታየቱን በዓይን ያረጋግጣል። ከዚያ ለፈቃድ ያመለክታል። ፈቃዱን ሲጠብቅ ስቱዲዮውን ያዘጋጃል፣ አቅራቢዎቹን ያለማምዳል፣ ዝግጅቶችን እየቀረጸ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ያሰማል፤ አድማጭም ምን እንደሚፈልግ ከዚያ ይታወቃል። ፍሪኩዌንሲው ሲሰጥ ብቻ አንቴናው በልኩ ይሠራል፣ ማሰራጫው ይገዛል። በመጨረሻ በዝቅተኛ ኃይል ተበርቶ የተመላሹ መለኪያ ይነበባል፤ አንድ ሰው ሬዲዮ ይዞ በጭነት መኪና መንገዱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ድምፁ የት እንደሚሰማና የት እንደሚጠፋ በየመንደሩ ይመዘግባል። ነጋዴው በየትኛው ኬላ ላይ ሆኖ ዜናውን እንደሚሰማ የሚታወቀው ከዚያ መዝገብ ነው።